የቀይ ባሕር በርና የቡሬ መንገድ

የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኝ፣ ስፋቱ ከ30 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ በመካከሉም የፔሪም ደሴት የተቀመጠችበት ጠባብ የውሃ በር ነው። ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ በምጽዋ 7 ዲስትሮየር የጦር መርከቦችና 8 ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። አሰብም ከዚሁ በር አጠገብ በእጅዋ ነበረች። የሜዲትራንያን መንገድ አስጊ ስለ ሆነ በግብጽ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር የሚላከው ስንቅና መሣሪያ አፍሪካን ዞሮ በዚህ ሰርጥ ማለፍ ግድ ሆነበት። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጄኔራል ጉልየልሞ ናሲ የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወርሮ በርበራን ሲይዝ የበሩ ጉዳይ ይበልጥ አሳሳቢ ሆነ።

ይኸው ናሲ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ወደ ጎጃም ተላከ። በሰርጡ ላይ ድል ያደረገው አዛዥ ባሕር ወደሌለበት ደጋ የተጠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጎጃም ለአምስት ዓመት ያህል አልተገዛም ነበርና። ናሲም ራስ ኃይሉን ወደ ደብረ ማርቆስ በመመለስ ሕዝቡን በገዛ መኳንንቱ ለማባበል ሞከረ።

ኢጣልያኖች ቡሬን፣ ማንኩሳን፣ ደምበጫንና ደብረ ማርቆስን በአንድ የመኪና መንገድ አያይዘው በየጣቢያው ምሽግ ሠርተው ነበር። የመንገድ ሥራ ባለሙያ ይህን አቀማመጥ ሲመለከት ደካማነቱን ወዲያው ይረዳዋል። ተለዋጭ መንገድ የሌለው መሥመር አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ያለ ስንቅ ይቀራል። መንገዱ የኢጣልያ ይሁን እንጂ የመንገዱ ግራና ቀኝ፣ እህሉም ከብቱም፣ የአርበኞቹ ነበር። ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በቡሬ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በዳንግላ በኩል ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው ቅሬታም ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም ከገባ በኋላ በስምምነት ተለዘበ።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር መደበኛ ወታደሩ ከ2,000 የማይበልጥ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ ሻለቆች ነበሩበት። ከቆላው እስከ በላያ ተራራ መንገድ ስላልነበረ ጭነቱ በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ተጓጓዘ፤ ግመሎቹም ከጥቂቶቹ በቀር አለቁ።

የካቲት 25 ቀን ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቆ ወጣ። የሠራዊቱ ቁጥር ከአጥቂዎቹ እጅግ የሚበልጥ ሲሆን የሚያሸሸው አልነበረም፤ ዳሩ ግን የሌሊቱ አደጋ ስላደናገረው ብዙ ጦር የከበበው መሰለው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትገኝበትን አገር አቋርጦ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ የካቲት 27 ቀን ማለዳ በጨረቃ ወንዝ አጠገብ ከ2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ድንገት ተገናኘ። ሻለቃው ቀድሞት አልፎ ከፊቱ ሰፍሮ ነበር። እነዚያ ጥቂት መቶ ወታደሮች ያን ሁሉ ጭፍራ፣ ከነመኪናውና ከነአውሮፕላኑ፣ ፊት ለፊት ተቋቋሙት። ከሻለቃው አንድ አራተኛ ያህሉ ሞቶና ቆስሎ ወደቀ፤ ጠላትም ብዙ ሰው አጥቶ ደምበጫ ገባ። በታሪክ መጻሕፍት የዊንጌት ብልኀት በሰፊው ሲተረክ የዚህ ማለዳ ውጊያ በጥቂት መሥመር መታለፉ ተገቢ አይደለም። ናሲ ናታሌን ሽሮ ማራቬንታኖን ሾመ።

በዚህ ጊዜ የጦርነቱ ዋና ፍልሚያ ከረን ላይ ነበር። በጎጃም ምሽጎች ተቀፍድዶ የነበረው ሠራዊት ለከረን ሊደርስ አልቻለም። ከረን መጋቢት 18 ቀን ተለቀቀች። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ምጽዋ እጅዋን ሰጠች። ሚያዝያ 3 ቀን ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር የጦርነት ቀጣና መሆኑ እንዲቀር ስላወጁ የአሜሪካ የንግድ መርከቦች በባብ ኤል መንደብ አልፈው ጭነታቸውን እስከ ስዊዝ ለማድረስ ተፈቀደላቸው።

ማራቬንታኖ ግን ዓባይን በሸፈርታክ ተሻግሮ አመለጠ። በዚያ ሊጠብቁት ይችሉ የነበሩት የበላይ ዘለቀ ሰዎች በራስ ኃይሉ ድርድር ምክንያት መንገዱን እንደ ለቀቁለት ይነገራል። በዚህ የተነሣ እርሱን ማሳደዱ ሌላ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ግንቦት 15 ቀን አጊባር ላይ እጁን ሰጠ። በቀይ ባሕር ላይ የኢጣልያ የመጨረሻ ወደብ የነበረችው አሰብ ከኤደን በመጣ ጦር የተያዘችው ሰኔ 4 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።