ባሕርይና ጀውሀር፦ የዕንቁ ዳኝነትና የጎንደር ነጋዴዎች አደራ

በግዕዝ «ባሕርይ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው ከባሕር የሚወጣው ዕንቁ፣ ሁለተኛው የአንድ ነገር ውስጣዊ ማንነት ነው። ዐረብኛውም «ጀውሀር» ሲል የከበረውን ድንጋይና የነገሩን ህላዌ በአንድ ቃል ይጠራል። የሁለቱ ልሳናት መገናኘት ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል፤ ዕንቁ የሚመዝን ሰው በሚታየው ላይ ተመሥርቶ ስለማይታየው ይፈርዳልና።

ይህን ዳኝነት በጽሑፍ ካቆዩልን ሊቃውንት መካከል አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (ሞት 440 ሂ.) እና አሕመድ አል-ቲፋሺ (ሞት 651 ሂ.) ይገኛሉ። መመዘኛዎቹ የታወቁ ናቸው፦ የክቡ ፍጹምነት፣ የገጹ ልስላሴ፣ ከውስጥ የሚፈልቀው ጸዳል፣ ክብደቱ፣ የቀዳዳው ጥራት። ዋጋው ግን ከክብደቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ክብደቱ እጥፍ የሆነ ዕንቁ ከእጥፍ በላይ ያወጣል። አምሳያ የሌለው ዕንቁም «የቲማ» ተብሏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዳህላክ ደሴቶች ዕንቁ የሚወጣባቸው ነበሩ፤ ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚወጣውንም የንግድ መስመር በአብዛኛው ሙስሊሞች ይዘውት ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ በቀሃ ወንዝ ዳር ያለው አዲስ ዓለምም መንደራቸው ሆነ። በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ ስለ መንደሩ ጽፏል፤ ስለ ቀይ ባሕር ዕንቁም በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ አንሥቷል።

ከደጋው የሚወርደው ሸቀጥ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ነበር፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደነበር ሳንሸሽግ ልንናገር ይገባናል። ከእነዚህ ሁሉ ለዕንቁ ዳኝነት የሚቀርበው ዝባድ ነው። በቀንድ ታሽጎ ስለሚጓዝ፣ ቅቤም ስለሚደባለቅበት፣ ከአፉ ላይ ንጹሕ መስሎ ከሥሩ የተበረዘ ሊሆን ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ እጃቸውን ወደ እህሉ ክምር አስገብተው እርጥቡን ከሥር ያገኙበት ሐዲስ ለእንዲህ ያለው ቀንድ በቀጥታ ይሠራል።

ፉቀሃእ በዚህ ላይ ሁለት ወሰን አኑረዋል። የመጀመሪያው ገረርን መከልከል ነው፤ ብዙኃኑ ሊቃውንት ገና በዛጎሉ ውስጥ ያለን ዕንቁ መሸጥ የከለከሉት ሻጭም ገዢም የማያውቁት ነገር ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ነውርን መግለጥ ነው፤ የተደበቀ ነውር ያገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት (ኺያረል ዐይብ) አለው። ርስት ለተነፈገ ማኅበረሰብ ይህ ከሕግም በላይ ነበር እንላለን፦ መሬት የሌለው ነጋዴ ለብድሩም ሆነ ለሽርክናው የሚያስይዘው ቃሉን ነበርና።

ነገሩ በታሪክ ብቻ የሚቀር አይደለም። ለጌጥ በተያዘ ዕንቁ ላይ ዘካ የለም፤ ለንግድ ከተያዘ ግን ዓመት ሲሞላ በዕለቱ ዋጋ ተገምቶ፣ ኒሷብ ከደረሰ፣ 2.5 በመቶው ይወጣል። ግምቱን የሚሰጠው የኺብራ ባለቤት እንጂ ኢማሙ ራሱ አይደለም። ስለዚህ የቡዩዕን ምዕራፍ የምናስተምር ሁሉ ደረሳውን ከኪታቡ ጋር ወደ ገበያም ልንወስደው ይገባል፤ አንጥረኛው ሚዛኑን ሲያነሣ አጠገቡ ይቁም። ሑክሙን ከእኛ ይማራል፤ ዐይንን ግን ከባለሙያው ነው የሚማረው። ዐይን የሌለው ሑክም የድሃውን ሐቅ ያጎድላል፤ ሑክም የሌለው ዐይንም እንዲሁ።