የከተራ ጎዳና

በምዕራብ ጎጃም፣ ከደምበጫ ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ከተማ፣ የቀድሞ ስሟ ወጀት እንደ ነበረ አባቶች የሚናገሩላት፣ ዛሬ በግእዝ ቃል ፍኖተ ሰላም ትባላለች፤ ይኸውም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስም ለሰውም ለአገርም የሚሰጥ ምኞት ስለ ሆነ፣ ይህን ስም ያወጡላት ሰዎች በመንገዷ የሚያልፈው ሁሉ በሰላም ወጥቶ በሰላም እንዲገባ መመኘታቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን በጥምቀት ዋዜማ በከተራ፣ ጥር 10 ቀን ከቀትር በኋላ፣ ታቦታት ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ባሕረ ጥምቀት በሚወርዱበት ሰዓት፣ በአንድ ወገን ካህናትና ምእመናን በዝማሬና በእልልታ ሲያዘግሙ፣ በሌላው ወገን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ከነቀምትም በቡሬ በኩል የሚገሠግሡት የጭነት መኪናዎች በዚያው በአንዱ ጎዳና ሲመጡ ያየ ሰው፣ የከተማዪቱን ስም እንደ ጸሎት በልቡ ሳይደግም አያልፍም። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ጎዳና ነው፤ የሚመረምረውም በዓሉ ጥንት ለመንገዱ የሠራለትን ሕግና ያ ሕግ በዘመናችን የደረሰበትን ነው።

«ከተራ» የሚለው ቃል «ከተረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ፍችውም የሚወርደውን ውሃ ገደበ፣ አቆመ ማለት ነው። ትልቅ ወንዝ በሌለበት አገር ገበሬው ከበዓሉ አስቀድሞ ባሉት ቀናት ጅረቱን በአፈርና በድንጋይ ገድቦ፣ ማለዳ ካህኑ የሚባርከውን ኩሬ ያበጃል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት በዐድዋ በዓሉን ባየ ጊዜ፣ ወንዙ ብዙ ቀን አስቀድሞ ተገድቦ እንደ ቈየ፣ ከጸሎቱም በኋላ ልጆች እየዘለሉ ገብተው የቀረባቸውን ሰው ሁሉ ውሃ ይረጩት እንደ ነበረ ጽፎልናል። ከእርሱ 250 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1512 ዓ. ም. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከመጣው የፖርቱጋል መልእክት ጋራ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ደግሞ፣ በተከታዩ ዓመት በጥር ወር ያየውን ሲተርክ፣ ውሃው በቦይ ተስቦ ወደ ተቈፈረ ገንዳ እንደ ገባ፣ ንጉሡን ያስተማሩ አንድ ሽማግሌ ካህንም በዚያ ከባድ ብርድ እስከ ትከሻቸው በውሃ ውስጥ ቆመው፣ በደረጃ የሚወርደውን ሕዝብ እየተቀበሉ ያጠልቁ እንደ ነበረ ይነግረናል። ከዚህ ትረካ ለእኔ ከሁሉ የሚልቅብኝ ተራው ነው፤ ያን ያህል ሕዝብ አንድ አረጋዊ በሁለት እጃቸው ሊያስተናግዱት የቻሉት፣ እያንዳንዱ ሰው ተራውን ጠብቆ በዚያች ጠባብ ደረጃ ስለ ወረደ ብቻ ነው።

ይኸው አልቫሬስ ሌላም ነገር አስተውሏል። በዚያ ዘመን በበቅሎ የሚሄድ ሰው፣ መኰንንም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ባየ ጊዜ ከበቅሎው ወርዶ በእግሩ ይሄድና፣ ከደጁ ካለፈ በኋላ ነበር ተመልሶ የሚቀመጠው። አያቶቻችንም ይህንኑ ሥርዐት ጠብቀው ለእኛ ዘመን አድርሰውታል፤ ታቦት በመንገድ ሲመጣም የተቀመጠ ይነሣል፣ የተጫነ አህያ ከመንገድ ይገለላል፣ ባለ ፈረሱ ይወርዳል፣ ሁሉም በደወሉ ድምፅ ይታዘዛል። በውሃ ላይ የሚደረገው ከተራ ስለዚህ በመንገድም ላይ ይደረግ ነበር ማለት እንችላለን፤ ጅረቱ እንደሚገደብ ሁሉ፣ የመንገዱም ሩጫ ለእግዚአብሔር ክብር ለጥቂት ሰዓት ይገደብ ነበር። ታቦታት በወንዝ ዳር በድንኳን እንዲያድሩ ያዘዙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው ብለው ሊቃውንት በትውፊት ያወርሱናል፤ ሕዝቡ የሚያድርበት ሌሊት በተጨመረ ጊዜም፣ ሰላም የሚጠበቅበት ሰዓት በዚያው መጠን ረዘመ።

በእኛ አገር ውሃ የአደራ ቦታ ጭምር ነው። ዓባይ ከሚመነጭበት ከሰከላ፣ በግሽ ዓባይ፣ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ነገር ሲነገር የሰማ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጻድቁ ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፣ ከእስራት ሲመለሱ ውሃው አንድ ቅጠል ሳያርስ እንደ መለሰላቸው ምእመናን ይተርካሉ፤ የስፍራው ስምም ከዚሁ ታሪክ የመጣ ነው ይላሉ። በዓላቸው በጥር 13 ቀን፣ ከጥምቀትና ከቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ ስለሚውል፣ ጠበል ሊጠመቅ ከጎጃም ልዩ ልዩ ስፍራ የሚጓዘው ሕዝብ በዚያ ሳምንት መንገዱን ይሞላዋል። ጥር 21 ቀን አስተርእዮ ማርያም፣ ጥር 23 ቀን ደግሞ በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ትርኢት ይከተላል፤ አዝመራው ስለ ተሰበሰበ ሠርጉም በዚሁ ወር ነው። ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ከመንደሩ ሳይወጣ ከርሞ፣ በዚህ በአንድ ወር ውስጥ ወደ መንገድ ይወጣል።

ይሁንና ጥንት ሁሉ ሰላም ነበረ ብሎ መጻፍ ሐሰት ይሆናል። የጎጃም ጐበዝ ሽመል ሳይዝ ለጥምቀት አይወጣም፤ ሽመሉም ለጭፈራ ጌጥ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ጠላና አረቄ ከጠገበ በኋላ የጠብ መሣሪያ ይሆናል። በዓመት አንድ ቀን አገሩ ሁሉ በአንድ ሜዳ ስለሚገናኝ፣ ደመኛም ደመኛውን የሚያገኘው በዚያ ነው፤ ምንሽር የያዘ ሰው ለደስታ ብሎ ወደ ሰማይ የተኰሰው ጥይትም የሚወድቅበትን አያውቅም። የሁለት አጥቢያ ጐበዛዝት የማን ታቦት ይቅደም ብለው መጣላታቸው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳፍራል፤ ስለ ክብረ እግዚአብሔር ብሎ የወንድሙን ራስ የፈነከተ ሰው ምን ይባላል?

እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ በቡሬ ገጠር ይህን በዐይኔ አይቼዋለሁ። ታቦታቱ በማግሥቱ ሲመለሱ፣ ወንዙ በጠበበበት መሻገሪያ ላይ የሁለቱ አጥቢያ ጨፋሪዎች ተፋጠጡ፤ ግጥሙ ወደ ስድብ፣ ስድቡም ወደ ሽመል ተሻገረ፤ ከመካከላቸው አንዱ ደሙ በነጭ ጋቢው ላይ ሲወርድ አየሁ። በዚያን ጊዜ አንድ አሮጌ ሰው፣ ሥልጣን የሌላቸው፣ ሥጋቸው የከሳ፣ ምርኩዛቸውን ጥለው ወደ መካከል ገቡና «በሕግ አምላክ!» አሉ። ሽመሉን ያነሣው ክንድ ባለበት ቀረ። ቀጥሎ ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ፤ ሁለቱም ወገን ተለያይቶ ቆመ፤ ቀድሞ የደረሰው ታቦት ተሻገረ፤ ነገሩም ለሽማግሌ ተቀጠረ። ያች ቃል በአባቶቻችን ሕግ ታላቅ ኀይል ነበራት፤ የጠራት ማንም ይሁን ማን፣ የተጠራባት ሰው መቆም ነበረበት፤ ያልቆመ እንደ ሆነ ከዋናው ነገር በላይ ስለ እምቢተኝነቱ ይፈረድበት ነበር። የቃሉ ኀይል የነበረው ሰሚው ሊሰማበት በሚችል ርቀት ላይ በመሆኑ ነው። እግረኛ እግረኛን ይሰማል።

አሁን ወደ መንኰራኵሩ እንምጣ። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የታነጸው የድንጋይ ድልድይ፣ በዓባይ ላይ ከተሠሩት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ስፋቱ ለሰው እግርና ለጭነት ከብት የተለካ ነው፤ ዛሬም በላዩ የሚያልፈው ገበያተኛ ከነአህያው ነው። በ1900 ዓ. ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የጎጃም መንገድ ገና የእግር መንገድ ነበረ። ጣልያን የዓባይን በረሃ በድልድይ አገናኘው፤ ከነፃነት በኋላም በ1943 ዓ. ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዱን ማስፋትና መጠበቅ ያዘ። በሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ. ም. ደግሞ በግራ ይነዳ የነበረው መኪና ሁሉ ወደ ቀኝ እንዲዛወር ተደረገ። ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ መንግሥት ለመንገድ የሠራው ሕግ፣ ወሰኑ፣ ምልክቱ፣ ቅጣቱ ሁሉ፣ ለመኪና የተሠራ ነው፤ ለታቦት የነበረው ጥንታዊ ሕግ ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሳይገባ በቃል ብቻ ቀረ። ሁለቱ ሕጎች በጥር 10 ቀን በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ።

ሹፌሩን ብቻ መውቀስ አይገባም። ከሌላ አገር ጭኖ የሚመጣ ሰው ከጅጋ ከተማ ወዲያ በኩርባው በስተኋላ አንድ ሺህ ሰው በአስፋልቱ መካከል ይጨፍራል ብሎ እንዴት ያውቃል? የሚነግረው ምልክት የለም። እኛም ከገጠር ወደ ከተማ ስንወርድ ልጆቻችንን እንደ ጆንያ በአይሱዙ ላይ አቁመን እንጭናለን፤ በባጃጅ ሦስት የሚቀመጡበት ላይ ስድስት እንሆናለን፤ ማታም ጠላ የጠጣውን ወንድማችንን ሞተር ብስክሌት አስይዘን በደኅና ግባ ብለን እንሸኛለን። ከ2009 እስከ 2013 ዓ. ም. በነበሩት ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ በመኪና አደጋ የሞተው ሰው በየዓመቱ ከ4,000 በላይ ነበረ። ይህ ቊጥር በጦር ሜዳ ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ በዐዋጅ ይነገር ነበር።

የበዓል ሕዝብ ያለ ሥርዐት ሲከማች ምን እንደሚሆን ከራሳችን አገር ተምረናል። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ. ም. በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ለእሬቻ በወጣው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጢስ በተተኰሰ ጊዜ፣ ሸሽቶ በገደል ውስጥ እየወደቀ፣ እየተረጋገጠም ከ50 በላይ ሰው አለቀ። በጥር 11 ቀን 2012 ዓ. ም. ደግሞ በጐንደር፣ በዐፄ ፋሲል መዋኛ፣ ለተመልካች ተብሎ በእንጨት የተሠራው መደርደሪያ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፤ ይህም የሆነው ዩኔስኮ ጥምቀትን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ከመዘገበው ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። የመጀመሪያው የሰው ኀይል ያመጣው መከራ፣ ሁለተኛው የቸልታ መከራ ነው፤ በሁለቱም ግን የሞቱት ወደ ውሃው በደስታ የወጡ ሰዎች ነበሩ።

በሩቅ ምሥራቅም የእኛን የሚመስል የውሃ በዓል ያለው ሕዝብ አለ። ታይላንዳውያን አዲስ ዓመታቸውን ሶንግክራን ብለው በሚያዝያ 5፣ 6 እና 7 ሲያከብሩ፣ ጥንት በቡድሃ ምስል ላይ መዓዛ ያለው ውሃ ያፈሱ፣ በወላጆቻቸውም እጅ ላይ ውሃ እያንቆረቆሩ ምርቃት ይቀበሉ ነበር፤ ዛሬም ያደርጉታል፤ ነገር ግን መንገድ ላይ ወጥቶ መረጫጨቱ እጅግ ገንኗል። ከከተማ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚጓዘው ሕዝብ፣ መጠጡና ፍጥነቱ ተደምረው፣ በዓሉ የሚውልበትን ሳምንት መንግሥታቸው «ሰባቱ የአደጋ ቀናት» ብሎ እስኪጠራው አድርሰውታል። በ2008 ዓ. ም. በእነዚያ ሰባት ቀናት ብቻ 442 ሰው ሞተ፤ አብዛኛውም በሞተር ብስክሌት ነው። በ2016 ዓ. ም. ቊጥሩ 287 ነበረ፤ ይህም ገና ከባድ ነው። ሆኖም በዚያ አገር የማደንቀው አንድ ነገር አለ፤ ይቈጥራሉ። በየማለዳው ትናንት ስንት ሞተ፣ በየትኛው አውራጃ፣ በምን ምክንያት ብለው ለሕዝብ ይናገራሉ፤ ሰክሮ የነዳውንም ሰው መኪና እስከ መያዝ ደርሰዋል።

እኛ ከእነርሱ የተሻለ መነሻ አለን ብዬ አምናለሁ፤ በዓላችን በስሙ ውስጥ መግታትን ይዟልና። በከተሞቻችን ወጣቶች ከታቦቱ ፊት መንገድ እየጠረጉ፣ ምንጣፍ እያነጠፉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን ወደ ዳር ሲመልሱ ማየት ከጀመርን ቈይተናል፤ ማንም ሳይከፍላቸው፣ በፀሐይና በአቧራ። እነዚህ ወጣቶች ያደረጉት የአያቶቻቸውን ሕግ መልሰው ማቆም ነው። የሰበካ ጉባኤው ከትራፊክ ፖሊስና ከቀበሌው ጋራ ከበዓሉ በፊት ተቀምጦ፣ ታቦቱ አስፋልቱን የሚያቋርጥበትን ስፍራና ሰዓት ቢወስን፤ ከኩርባው በፊት ነጭ ባንዲራ የያዙ ሰዎች በሁለቱም ወገን ቢቆሙ፤ ከተቻለም ሰልፉ በአሮጌው የእግር መንገድ ቢወርድ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ድግስ ጠላ አይበልጥም። ጥይት መተኰስና ሽመል መማዘዝም ቄሱ ከአንድ ሳምንት አስቀድመው በዐውደ ምሕረት ቢገዝቱበት፣ በጎጃም ዛሬም ግዝትን የሚፈራ ብዙ ሰው አለ።

አንተ ግን፣ በጥር 10 ቀን ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ጭነህ የምትመጣው ሹፌር ሆይ፣ አያትህ በቅሎው ላይ ሳለ ያደርግ የነበረውን አድርግ። ከሩቅ ዣንጥላዎቹን ባየህ ጊዜ ጥግ ያዝ፤ ሞተሩን አጥፋ፤ ረዳትህንም ይዘህ ውረድ፤ ታቦቱ እስኪያልፍ በእግርህ ቁም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ትገባለህ።