ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክና ስለ ካፋ ሕፃናት

ከቦንጋ በስተ ምዕራብ፥ በጨና ወረዳ የምትገኘው ዋጫ፥ ቡናው በደን ጥላ ሥር በሚበቅልበት፥ እንሰቱም ጓሮውን በሚከብበት በካፋ ምድር ያለች ከተማ ናት። በዚያ የሚያድግ ሕፃን ከእናቱ ካፊኖኖ፥ ከገበያና ከትምህርት ቤት አማርኛ፥ ከቤተ መቅደስ ግእዝ እየሰማ ነውና፥ የዮሴፍን መሸጥ፥ የሙሴን ከውኃ መውጣት፥ የዳዊትን ወንጭፍ በየትኛው ልሳንና ከማን አንደበት እንደሚማር መጠየቅ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ለሕፃናት በሚገባቸው ቋንቋ ያልተተረከ ቃለ እግዚአብሔር፥ ሕንፃው ቢጸናለት እንኳ፥ በትውልድ ልቡና ሥር ሳይሰድድ እንደሚቀር የካፋ የራሷ ታሪክ ምስክር ነው።

ዐፄ ሠርፀ ድንግል በነገሡበት ዘመን፥ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ባለው ጊዜ፥ የካፋ መንግሥት ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ተቀበለ፤ ባሃ በተባለው ስፍራም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ታንጾ፥ የንጉሠ ነገሥቱ ስም የተጻፈበት ታቦት ገባበት። ከዚያ በኋላ ግን የማዕከላዊው መንግሥት ኃይል ከዚያ አገር እየራቀ በሄደ መጠን፥ ክርስትናው ፈጽሞ ሊጠፋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ደከመ። ቤቱ ግን አልተረሳም፤ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም እየተጠራ፥ ወንዶች የአገሩን ሥርዓት የሚፈጽሙበት ቤት ሆኖ ኖረ። ስሙና ቤቱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሲጠበቁ የሰማዕቱ ገድልና የወንጌሉ ነገር ያልተጠበቁበት ምክንያት፥ እኔ እንደሚመስለኝ፥ ሃይማኖቱ ከቤተ መንግሥት ወርዶ እናት ለልጇ በማታ እሳት ዳር የምትነግረው ወሬ ለመሆን አለመድረሱ ነው።

በሰሜኑ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ትውፊት ብዙ ነበረ። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየ፥ መልእክተ ዮሐንስን ያነበበ፥ ዳዊት የደገመ ልጅ ቃሉ ግእዝ ስለ ሆነበት ምሥጢሩን ወዲያው አያገኘውም ነበር፤ ታሪኩ የሚገባለት በሌላ በር ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን፥ በቅዱስ ገብርኤል በዓል፥ አናንያ፥ አዛርያና ሚሳኤል ከእቶነ እሳት እንደ ምን እንደ ዳኑ ይሰማል፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው በወርኃ ጽጌ የእመቤታችንን ስደት ይማራል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ በጆሮው የሰማውን በዓይኑ ያያል። ይህን የስደት ታሪክ ብቻ እንኳ ብንመለከት፥ ቅዱስ ማቴዎስ በምዕራፍ 2 በጥቂት ቍጥር ያለፈውን፥ ትውፊታችን ሰሎሜን የመንገዱ ባልንጀራ አድርጎ፥ ጥጦስና ዳክርስ የሚባሉ ወንበዴዎች በበረሃ እንዳገኟቸው ተርኮ፥ እነዚሁ ሁለቱ ከብዙ ዘመን በኋላ በቀራንዮ በጌታ ቀኝና ግራ እንደ ተሰቀሉ በመናገር ይፈጽመዋል። በበረሃ ለሕፃኑ የራራ ልብ በመስቀል ላይ ምሕረት ሲያገኝ የሰማ ልጅ ትምህርቱን አይረሳውም። ክብረ ነገሥትም በመጽሐፈ ነገሥት ባጭሩ የተነገረውን የንግሥተ ሳባን ጉዞ አስፍቶ፥ የቀዳማዊ ምኒልክን ልደትና የታቦተ ጽዮንን መምጣት ጨምሮ ስለ ተረከው፥ ሠዓሊዎች ክፍል በክፍል እየሣሉ ፊደል ለማያውቀው ሕዝብ ሁሉ አዳረሱት። ስለዚህ ከቅዱስ መጽሐፍ ተነሥቶ፥ ዘመኑንና ሰዉን በሕሊና እያዩ ታሪክን ማስፋት ከባዕድ የመጣ ልማድ ሳይሆን በአገራችን ጥንታዊ ነው።

ይህ ሁሉ ሀብት ግን ወደ ካፋና ወደ ጎረቤቶቿ በአገሬው ቋንቋ አልደረሰም። የካቶሊክ ሚስዮን ጳጳስ የነበሩት አቡነ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1859 ካፋ ገብተው ቢያስተምሩም በ1861 ተባረሩ፤ ሁለት ዓመትም ለአንድ ትውልድ ትምህርት አይበቃም። በጎረቤቶቿ በኩል ታላቁ ሥራ የተጀመረው ወደ ባሕር ማዶ ሊሸጡ በተነዱ ልጆች እጅ ነው። ከኢሉባቦር ተሸጦ በምጽዋ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብና፥ ከሊሙ እናርያ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ያዳኗት አስቴር ጋኖ፥ በምጽዋ አጠገብ በነበረው በምኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተገናኝተው፥ መጽሐፍ ቅዱስን በፊደላችን ወደ ኦሮምኛ መለሱ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም፥ ጀርመናዊው ዶክተር ባርት በ1832 ለትምህርት ቤትና ለቤተሰብ ያዘጋጁትን፥ ከብሉይ 52 ከሐዲስም 52 ታሪክ የያዘውን መጽሐፍ አብረው ተርጕመው በዚያው ዓመት አወጡ። ራሳቸው እንደ ዮሴፍ የተሸጡ ሁለት ሰዎች የዮሴፍን ታሪክ በእናታቸው ቋንቋ ለሕፃናት ማድረሳቸው፥ በታሪካችን በታላቅ ክብር ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው።

በካፋ በኩል፥ በ1889 ዓ.ም. የተጀመረው የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ የንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን መንግሥት ከፈጸመ በኋላ፥ አብያተ ክርስቲያናትና የቄስ ትምህርት ከሠራዊቱ ጋር ገቡ። የካፋ ልጅም ፊደል ቈጠረ፥ ዳዊት ደገመ፤ ነገር ግን ሰሜነኛውን ልጅ ከግእዙ ጋር ያስታረቀው አማርኛ ራሱ ለእርሱ የውጭ ቋንቋ ነበረና ድካሙ እጥፍ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለአንባቢ ሁሉ ታላቅ በረከት ቢሆንም፥ ለአዋቂ የተዘጋጀውን ማዕድ ለሕፃን ቈርሶ የሚያጐርስ ደራሲ አሁንም ያስፈልጋል።

ለሕፃናት እንዲህ ያለ ታሪክ የሚደርስ ሰው ሦስት ሕግ ይጠብቅ። መጀመሪያ፥ መጽሐፉ በግልጽ የተናገረውን አይለውጥ፤ መጽሐፉ ዝም ባለበት ቦታ ደራሲው የጨመረው የእርሱ መሆኑን በመቅድሙ ይናገር፤ ልጅ ቃለ እግዚአብሔርንና የሰውን ድርሰት ለይቶ ማወቅ ይገባዋልና። ሁለተኛ፥ ዘመኑን ይመርምር፤ ዳዊት በቤተ ልሔም በጎችን የጠበቀው ዝናም በሚያንስበት ደረቅ ተራራ እንጂ እንደ ካፋ ባለ እርጥብ ደን አይደለምና፥ ልጁ የሌላውን አገር መልክ በትክክል ይማር። ሦስተኛ፥ ቃሉን አያክብደው፤ ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ የተሰማውን መደንገጥ፥ ሩት በባዕድ እርሻ ስትቃርም የነበራትን ኀፍረት በአጭር ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስተምራል።

ካፊኖኖ ዛሬ የሚጻፍ፥ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የሚያስተምሩበት ቋንቋ ነው፤ ቋንቋው አይጻፍም የሚለው የቀደመው ምክንያት አሁን አይሠራም። እንግዲህ በዋጫና በቦንጋ ያላችሁ መምህራን፥ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች፥ ሁለቱን ቋንቋ አጥርታችሁ የምታውቁ ወጣቶች፥ የሽማግሌዎቻችሁን የአተራረክ ጥበብ ይዛችሁ ይህን ሥራ ጀምሩት። አንድ ታሪክ በአማርኛና በካፊኖኖ ጐን ለጐን ጽፋችሁ ለልጆች አንብቡላቸው፤ ያልገባቸውን አርሙ፤ ከዚያም ሁለተኛውን ጻፉ። የባሃ ታቦት ብቻውን ሊጠብቀው ያልቻለውን ታሪክ፥ በእናቱ ቋንቋ ያነበበው ልጅ ይጠብቀዋል።