የጫጩት ስንቅ፣ የጨቅላ ስንቅ

ዛሬ ከእንቁላል ተነሥተን ወደ ጨቅላ ልጃችን የመጀመሪያ ምግብ እንሄዳለን።

ዶሮ ያስታቀፈ ሰው 21 ቀን ይቆጥራል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከውጭ ምግብ አይገባም። እንቁላሉ ውስጥ ያለው ቅባትና ፕሮቲን ነው፤ ስኳር እዚህ ግባ የሚባል የለውም። ታዲያ ጫጩቷ ቅርፊቱን የምትሰብርበትን ጉልበት ከየት ታመጣለች?

መልሱ የተጀመረው ከጉበት ጥናት ነው። ካሳ ኃይሉ ስሜን ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው በነገሡበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1855፣ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ክሎድ በርናር አንድ ሙከራ አሳወቀ። የእንስሳ ጉበት ስኳሩ እስኪጠፋ በውኃ አጥቦ አሳደረው፤ በማግሥቱ ስኳሩ ተመልሶ አገኘው። ጉበት የስኳር ጎተራ አለው ማለት ነው። በ1857 የተከማቸውን ነገር ለይቶ አወጣ፤ ግላይኮጅን ይባላል። በ1872 ደግሞ ስለ ወፎች እንቁላል ጻፈ።

ዛሬ የምናውቀው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ግላይኮጅኑ አስኳሉን በከበበው ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል። ጉበት ሲደረጅ ሥራውን ይረከባል፤ ስኳሩንም በአብዛኛው ከፕሮቲን ሠርቶ ያከማቻል። በመፈልፈያዋ ሰዓት አየር ስለሚያጥራት ቅባት እንደ ልብ አይነድላትም፤ ያን ስንቅ ትጠቀማለች። የተረፈው አስኳልም ሆዷ ውስጥ ስለሚገባ ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ መቆየት ትችላለች።

የእኛ ጨቅላ ግን አስኳል ይዞ አይወለድም። ያለው ዋና የስኳር ስንቅ በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ጉበቱ ያጠራቀመው ነው፤ አብዛኛው በግማሽ ቀን ገደማ ያልቃል። ያለቀኑ የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅ ደግሞ ስንቁ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው።

ስለዚህ፦
• በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ ከዚያም በየ2 እና 3 ሰዓቱ ይጥባ።
• እንገሩን አትድፉት፤ ምግብም መከላከያም ነው።
• ቅቤ አታስውጡት፤ የስኳር ውኃም አትስጡት።
• ጡት እምቢ ካለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከዛለ፣ ከቀዘቀዘ ወይም አልነቃ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እናቶቻችን ቅቤ የሚያስውጡት በፍቅር ነው። ለአራስ ጠያቂ አያቶችና አክስቶች ይህን አንብቡላቸው።