አንደበት ሲታሰር፦ ከመዲናዋ ልጅ እስከ ፓሪሱ «ታን»



ስትሮክ የመታው አባት ከሆስፒታል ሲመለስ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያየው የማይታዘዝለትን ቀኝ እጁን ነው። ቀጥሎ ንግግሩን ያስተውላል። ውሃ ፈልጎ «በር» ይላል፤ አንዷን ልጁን በእህቷ ስም ይጠራል፤ አንዳንዴም ቃሉ ጭራሽ አይወጣለትም። ሳምንታት ሲያልፉ ሰዎች እሱ ባለበት ስለ እሱ ማውራት ይጀምራሉ። «አሁንማ ምንም አያውቅም» ይባላል። ቤት ሲሸጥ አይጠየቅም። ወሊይ ሆኖ ሊድራት የሚገባው ልጁ ኒካሕ ሲታሰርላት እንኳ ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ይህ ችግር በህክምና አፌዥያ ይባላል። የሚመጣው ቋንቋን የሚያከናውነው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ነው። ሰውየው የሚናገረውን ቃል አጣ ማለት እንጂ ዐቅሉን አጣ ማለት አይደለም። ሐኪሞች ይህን ልዩነት በቅጡ የለዩት የዛሬ 160 ዓመት ገደማ ነው። በኛ ኪታቦች ግን ጥያቄው ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ተነስቷል፤ የገባውም በህክምና በር ሳይሆን በፍርድና በኑዛዜ በር ነው።

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያወሩት ሐዲስ አለ። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ሰው በመዲና አንዲትን ልጅ የብር ጌጧን ለመውሰድ ብሎ ጭንቅላቷን በድንጋይ ቀጠቀጣት። ቤተሰቦቿ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያመጧት ነፍሷ ልትወጣ የቀረበች፣ አንደበቷም የተዘጋ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማን እንዳጠቃት ጠየቋትና ያላደረገውን ሰው ስም ጠሩላት፤ በጭንቅላቷ አይደለም አለች። ሌላ ስም ጠሩ፤ አሁንም አይደለም አለች። የአጥቂዋ ስም ሲጠራ አዎ አለች። ሰውየው ተይዞ መጣ፤ ሲያምን ተቀጣ።

የልጅቷን ጉዳት አፌዥያ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ሞት አፋፍ ላይ ነበረች። እኔን ያስቆመኝ አጠያየቁ ነው። «ምን ሆንሽ? ንገሪን» የሚል ክፍት ጥያቄ ብቻ ቀርቦላት አልተተወችም። አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ፣ አንድ በአንድ፣ ቀረበላት። የተሳሳቱ ስሞችም ስለነበሩበት ምልክቷ በዘፈቀደ እንዳልሆነ ታወቀ። ዛሬ የንግግር ህክምና ባለሙያዎች ቤተሰብን የሚመክሩት ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ አጭር ጥያቄ አንድ በአንድ ጠይቁ፣ ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ መልሱን በትዕግስት ጠብቁ፣ ከዚያ ጥያቄውን ገልብጣችሁ አረጋግጡ። አፌዥያ ያለበት ሰው አዎ ለማለት ፈልጎ አይደለም ሊል ይችላልና ማረጋገጡ ግድ ነው። (ጆሮው ደህና ስለሆነ መጮህ አያስፈልግም፤ ግን ሁላችንም እንጮሃለን።)

ኢማሙ ቡኻሪ ይህን ሐዲስ በሰሒሓቸው ካስገቡባቸው ቦታዎች አንዱ የጦላቅ ኪታብ ውስጥ፣ በፍቺና በሌሎች ጉዳዮች ስለሚደረግ ምልክት በሚናገረው ባብ ስር ነው። የሻፊዒያ ኪታቦች ደግሞ የኡማማ ቢንት አቢል-ዓስን (ረ.ዐ) ታሪክ ያወሳሉ። ኡማማ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ላይ ሆነው ያዘሏት የልጅ ልጃቸው ናት። አንደበቷ በታሰረ ጊዜ «ለእከሌ ይህን፣ ለእከሊት ያን?» እየተባለች ተጠየቀች፤ በምልክት አዎ አለች፤ ይህም እንደ ወሲያ ተቆጠረላት።

ሐነፊዮች እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይላሉ። ዲዳ ሆኖ በኖረውና አንደበቱ በድንገት በታሰረው ሰው መካከል ይለያሉ። የመጀመሪያው ምልክቱ የታወቀ ቋንቋው ሆኗል፤ የሁለተኛው ገና አልታወቀም፣ ንግግሩም ሊመለስ ይችላል። ሁኔታው ከረዘመና ምልክቱ ከታወቀ ግን እንደ ዲዳው ይታያል፤ ከኋለኞቹ ዑለማዎች ጊዜውን አንድ ዓመት ያደረጉ አሉ። ሳነበው መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከስትሮክ በኋላ ብዙው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ የአዎና የአይደለም መደባለቅም የሚበዛው ያኔ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የቤት ሽያጭ ሰነድ ይዞ አልጋው አጠገብ የሚቆም ዘመድ እንዳለ ካሰብነው፣ መዘግየቱ ለበሽተኛው ጥበቃ ነው። ደግሞም ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት ምልክቱ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ ነው፤ አንደበቱ የታሰረ ሁሉ ዐቅል የለውም ያለ ግን የለም።

ኢብኑ ሲና (428 ሂ ያረፉት) በቃኑን ኪታባቸው የንግግር ችግር ከአንጎል፣ ወደ ምላስ ከሚሄደው ነርቭ ወይም ከምላስ ጡንቻ ሊመጣ እንደሚችል ጽፈዋል። ቋንቋ ራሱ በአንጎል ውስጥ ቦታ እንዳለው ለማየት ግን አንድ ምስኪን ፈረንሳዊ መጠበቅ ነበረበት።

ሌቦርኝ ይባላል። በ30 ዓመቱ ንግግሩ ጠፋና ፓሪስ አቅራቢያ ባለው የቢሴትር ሆስፒታል 21 ዓመት ኖረ። ለሚጠየቀው ሁሉ መልሱ «ታን ታን» ነበር፤ ስሙም ታን ሆኖ ቀረ። የሚገርመው፣ ምልክቱን ሰው ሳይረዳለት ቀርቶ ሲናደድ አንድ የስድብ መሐላ ከአፉ ያመልጥ ነበር። ዛሬም በአፌዥያ የተያዘ ሰው «ውሃ» ማለት አቅቶት ሰላምታ ሊመልስ፣ ሊቆጥር ወይም ከልጅነቱ የቀራውን ፋቲሓ ሊቀራ ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ «ሲፈልግማ ይናገራል» ብሎ ይቆጣል። አፍ የለመደው ነገርና አዲስ ዐረፍተ ነገር መስራት ግን የተለያዩ ናቸው።

በ1861 አፕሪል ወር እግሩ አመርቅዞ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብሮካ ቀረበ። ብሮካ ቢሴትር ስንት ዓመት እንደኖረ ጠየቀው። ሌቦርኝ አምስት ጣቶቹን አራት ጊዜ ዘረጋ፤ ከዚያም አንድ ጣት ጨመረ። ሃያ አንድ! በቀናት ውስጥ ሞተ፤ አንጎሉ ሲታይ ጉዳቱ ግራ ግንባር በኩል ተገኘ። አፌዥያ የሚለው ስም የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሐኪሙ ትሩሶ ነው።

በ1874 ደግሞ የ26 ዓመቱ ጀርመናዊ ካርል ቬርኒከ ሌላ ዓይነቱን ገለጸ። በዚህኛው ሰውየው ያለ ችግር ይናገራል፤ ቃላቱ ግን አይገጣጠሙም፣ የሚባለውንም አይረዳም። ጂን ነካው ለመባል ቅርቡ ይህ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ መስጠትም ሁልጊዜ አይረዳም፤ አፌዥያ ብዙውን ጊዜ ማንበብንና መጻፍንም ይነካል።

እኔ የማልረሳው ግን በዚያው በ1861 ኦክቶበር ወር ብሮካ ዘንድ የመጣውን የ84 ዓመት ሽማግሌ፣ ሌሎንግን ነው። የቀሩት አምስት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ ከቁጥር ያለው አንድ ሲሆን እሱም «ሦስት» ነው፣ ያውም ተቆርጦ። ስንት ልጆች አሉህ? «ሦስት» አለና አራት ጣት አነሳ። ወንዶቹ ስንት ናቸው? «ሦስት»፤ ሁለት ጣት። ሴቶቹስ? «ሦስት»፤ ሁለት ጣት። ሰዓት አሳዩት፤ አስር ሰዓት ነበር። «ሦስት» ብሎ አስሩንም ጣቶቹን ዘረጋ። እንዲህ ያለ ሰው በኛ ሰፈር ቢኖርና ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ስለ ፍቺ ቢጠየቅ ከአፉ የሚወጣው ቁጥር ምን እንደሆነ አስቡት። ጣቶቹን ያላየ ጸሐፊ የሚመዘግበው እሱኑ ነው።