የጂኦግራፊው ማኅበር አንኮበር ላይ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የማኅበርን ስም ግን የሚያወጡት ተሰብስበው የተማከሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ትንሽ መጠራጠር አይከፋም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ርእሱና ውስጡ ይገጥማሉ ወይ?» እያልኩ ተማሪዎቼን አሰለች ነበር። እስቲ ዛሬ ጥያቄዋን ይዘናት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር እንሂድ።

በ1859 ዓ.ም. ፍሎረንስ ላይ የተመሠረተው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላካቸው ሰዎች በ1869 ሸዋ ገቡ። መሪያቸው ማርኪስ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ይባላል። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት። ስሙ ለአንድ ሌሊት እንግዳ የወጣ ይመስላል። እንግዶቹ ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ሰነበቱበት!

አንቲኖሪን አልማውም። ስድሳዎቹን ያጋመሰ ሽማግሌ፣ እጁን በአደን አደጋ ቆስሎ እንኳ ወፍ መሰብሰቡን ያልተወ ሰው ነው። በነሐሴ 1874 እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እሱ በሕይወት ሳለ የማኅበሩ ስምና ሥራ ብዙም አልተራራቁም።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። የካርዲናል አንቶኔሊ የወንድም ልጅ የሆነው ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊም የመጣው በዚሁ ማኅበር ጥላ ሥር ነበር። በ1875 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ፤ በ1880 ደግሞ አምስት ሺህ ሬሚንግተን ጠመንጃ የሚያስገኝ ስምምነት አመጣ። ጠመንጃ ምን ዓይነት ጂኦግራፊ ነው? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመውን የውጫሌን ውል ያደራጀውም እሱ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይችላሉ»፣ በጣሊያንኛው «ግዴታ» የሆነበትን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል።

እንግዲህ ማኅበሩ ሲጀመር ሐሰት ነበር ልንል ነው? እኔ አልልም። ዶክተር ራጋዚን የመሰሉ የጣቢያው ሐኪሞች እንስሳት መሰብሰቡን ቀጥለው ነበር። ይልቅ የሚያሳዝነው፣ የአንቲኖሪ እውነተኛ ሥራ ለሌላው ጉዳይ ጥሩ ሽፋን መሆኑ ነው። ሰው የሚያምነው ስም ባይኖር መጋረጃውም አይገኝም ነበር።

ምኒልክ ተታለሉ የሚሉኝ አሉ። መሬቱን ለወፍ ጥናት ብቻ የሰጡ አይመስለኝም፤ ጠመንጃ ይፈልጉ ነበር፣ አገኙም። የማኅበሩን ስም እንዳለ ያመኑት ምናልባት ጣሊያን አገር የነበሩት አባላት ሳይሆኑ አይቀሩም።

አንቲኖሪ ውጫሌንም ዓድዋንም ሳያይ አረፈ። የሸዋ ወፎቹን ያጠናው ሳልቫዶሪ የተባለ ሊቅ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1884፣ የአንቶኔሊ የመጀመሪያ ውል በተፈረመ በዓመቱ ነው።