ኳስ እንጀራ ይሆናል ወይ?
የሁለት አጥቂዎች ታሪክ ከመካነ ሰላም ሜዳ ሲታይ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች የአንድ አጥቂን የጨዋታ ዘመን የሚመለከት ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፥ በመጀመሪያ በዐይነ ኅሊናዬ የታየኝ ስታዲየም ሳይሆን የትምህርት ቤት ሜዳ ነበር። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ መካነ ሰላም ያደርሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በቦረና ደጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ምድሩ እየተሰበረ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ አገር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ያስተማረ ሰው፥ ጎበዝ ከሆነ አንድ ተማሪ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም፦ «ጋሼ፥ ኳስ እንጀራ ይሆናል ወይ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ መልሱ የሰው ዕድሜ ይዞ የሚሄድ ነው። «አዎን» ብለን እንደዋዛ ብንመልስ ልጁን ከደብተሩ እንለየዋለን፤ «አይሆንም» ብለን ብንቆርጠው ደግሞ ምናልባት አንድ ተሰጥዎ ሳይታይ ይቀበራል። ስለዚህ ባልደረቦቼ ከራሴ ግምት ይልቅ የሁለት ሰዎችን ታሪክ እንዲመለከቱልኝ እወዳለሁ። አንደኛው የእግር ኳስ አጥቂ፥ ሁለተኛው የቅርጫት ኳስ አጥቂ ናቸው፤ አንደኛው የአገራችን፥ ሁለተኛው የጎረቤታችን ልጅ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመናቱ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እናስታውስ። ማጥቃትና መከላከል ለደጋው ልጅ ከውጭ የመጣ ዕውቀት አይደለም። በገና ሰሞን ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ ሩሯን እየለጋ ሜዳውን የሚያቋርጠው ጎረምሳ፥ የስፖርት መጽሐፍ ሳያነብ የአጥቂነትን ጠባይ ያውቀዋል። በገና ጨዋታ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ጌታና ሎሌም በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ። የጎደለው ፍላጎት ወይም ጉልበት አልነበረም፤ የተጻፈ ሕግ፥ የተለካ ሜዳና ቀን ቆጥሮ የሚያሠለጥን ሰው ነበር።

የቅርጫት ኳስ የተገኘውም በዚህ ረገድ ነው። በታኅሣሥ 1891 በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በክረምቱ ብርድ ከቤት ውስጥ መውጣት ያቃታቸውን 18 ተማሪዎች የሚያጫውትበት ዘዴ ፈለገ። ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሁለት ወገን ሰቀለ፤ 13 ሕጎችም ጻፈ። ተማሪዎቹን ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ሲከፍላቸው ሦስቱን በፊት፥ ሦስቱን በመካከል፥ ሦስቱን በኋላ አቆማቸው። የቅርጫት ኳስ አጥቂ ዘር ከእነዚያ ከፊት ከቆሙት ሦስት ተማሪዎች ይጀምራል። በኋላ ዘመን ሚሊዮን ዶላር የሚከፈልበት ጨዋታ መነሻው የአንድ መምህር የክፍል ችግር እንደ ነበር ማወቅ ለእኛ ለሙያው ሰዎች ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን አጥቂ እንምጣ። መንግሥቱ ወርቁ በ1940 በጎንደር ተወለዱ። ስማቸው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና ከብሔራዊ ቡድናችን ጋር የተያያዘ ነው። የእሳቸው ትውልድ የተጫወተበት ሜዳ ባዶውን አልተገኘም፤ ከጣልያን ወረራ በኋላ የስፖርት ጽሕፈት ቤት እንዲቋቋም፥ የውድድር ደንብ እንዲወጣና ክለቦች በሥርዓት እንዲጫወቱ የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህም ዋነኛው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ እሳቸውም ራሳቸው ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበሩ፤ በኋላም ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ የተሰለፉት አገሮች አራት ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፥ ቱኒዚያ፥ ኡጋንዳና የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ተብላ ትጠራ የነበረችው ግብፅ። ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። እሑድ ጥር 13 ቀን የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግን ከዚህ የከበደ ነበር። የግብፁ በደዊ በ35ኛው ደቂቃ ቀዳሚውን ጎል አገባ፤ ኢትዮጵያ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ብትሆን በደዊ ወዲያው በ75ኛው ደቂቃ ደገመ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛዋን አስቆጠረና ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። በ101ኛው ደቂቃ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን አከለ፤ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አግብተው ነገሩን ደመደሙት። መንግሥቱ በሁለት ጨዋታ ሦስት ጎል በማስቆጠር ከበደዊ ጋር የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆኑ፤ በጠቅላላው በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች ያገቧቸው ጎሎች 10 ደርሰዋል።

ልብ እንበል፤ ከአራቱ ጎሎች ሁለቱ የገቡት ከ90 ደቂቃ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ያልለመደው ተጫዋች ቶሎ ይደክማል። የድሉ ምክንያት ከፍታው ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ችሎታ የሌለው ቡድን በተራራ ላይ ቢጫወትም አያሸንፍም። ይሁን እንጂ የመካነ ሰላም ልጅ ከአዲስ አበባ ሜዳ እንኳ ከፍ ባለ ምድር ላይ ተወልዶ እያደገ፥ ሳንባው የታደለውን ጸጋ ሳያውቀው እንዳይቀር ልንነግረው ይገባል።

የዚያ ዘመን ተጫዋቾች አማተሮች ነበሩ። ጨዋታ ክብር እንጂ መተዳደሪያ አልነበረም፤ ዋንጫውን ያነሣው እጅ በማግስቱ ወደ ዕለት ሥራው ይመለስ ነበር። ስለዚህ የተማሪያችን ጥያቄ ለመንግሥቱ ወርቁ ቢቀርብ፥ በዘመናቸው ሚዛን መልሱ «አይሆንም» በሆነ ነበር። ሆኖም የመንግሥቱ ታሪክ ጫማ በመስቀል አላበቃም። አሠልጣኝ ሆነው በ1982 ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድናችንን መሩ። በዚያ ውድድር ቡድኑ ጎል ባያገባም፥ በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን ካሸነፈችው ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጎል ተለያየ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደዚህ ውድድር የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ፥ በ2013 ነው። መንግሥቱ ይህን ሳያዩ በ2010 ዐርፈዋል።

ሁለተኛው አጥቂ የተለየ ዓለም ሰው ነው። ሉዎል ዴንግ ሚያዝያ 1985 በዋው ከተማ፥ ያን ጊዜ ሱዳን ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሚባለው አገር ተወለደ። ቤተሰቡ ጦርነቱን ሸሽቶ ወደ ግብፅ ተሰደደ። በዚያም ከዲንካ ወገን የሆነው ቁመተ ረጅሙ ማኑት ቦል፥ በአሜሪካ የታወቀ ተጫዋች ሳለ፥ ለእነዴንግ ልጆች ጨዋታውን አስተማራቸው። ከዚያ ቤተሰቡ በእንግሊዝ ጥገኝነት አግኝቶ በደቡብ ለንደን ተቀመጠ። ሉዎል በ14 ዓመቱ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ከተጫወተ በኋላ በ2004 በሰባተኛ ተራ ተመርጦ ለቺካጎ ቡልስ ተሰለፈ።

በቺካጎ እስከ 2014 መጀመሪያ ቆየ። በ2012 እና በ2013 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፤ በእነዚያው ሁለት የውድድር ዘመናት በአንድ ጨዋታ በአማካይ ረጅም ደቂቃ በመጫወት ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ነበር። የእሱ አጥቂነት ጎል ማስቆጠር ብቻ አልነበረም፤ የተቃራኒውን ምርጥ ተጫዋች መያዝም የዕለት ሥራው ነበር። በ2007 የሊጉን የመልካም ስፖርተኛነት ሽልማት ያገኘውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ለዚህ ሰው ኳስ እንጀራ ሆነችለት፤ ከእንጀራም አልፋ ሀብት ሆነችለት። ግን የዚህንም ሌላ ገጽ እንመልከት። በ2016 ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር የ4 ዓመት፥ የ72 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን በመላው የውድድር ዘመን ያሰለፉት አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ደመወዙ ይከፈላል፤ ሰውየው ይቀመጣል። አማተሩ ያለ ክፍያ ተጫወተ፤ ባለሙያው ያለ ጨዋታ ተከፈለው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚከብድ የተጫወተ ያውቀዋል።

ዴንግ በ2019 ጨዋታ ሲያቆም የአገሩ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ካወጀች ገና ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ጣሪያ ያለው ደረጃውን የጠበቀ የመጫወቻ አዳራሽ አልነበራትም። ዴንግ ከራሱ ኪስ ጭምር እያወጣ ቡድኑን አደራጀ። በ2023 ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ ተሳተፈና ከአፍሪካ ቡድኖች የላቀ ውጤት አግኝቶ ለፓሪስ ኦሊምፒክ አለፈ። በሐምሌ 2024 በኦሊምፒክ የመጀመሪያ ጨዋታው ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፈ።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ልዩነታቸው ገንዘቡ ላይ ነው፤ አንድነታቸው ግን ከዚያ ይጠልቃል። ሁለቱም ከእነሱ በፊት ሜዳውን ያዘጋጀላቸው ሰው ነበራቸው፤ ለአንዱ እነአቶ ይድነቃቸው፥ ለሌላው ማኑት ቦል። ሁለቱም በጉልበታቸው ዘመን የሚገባቸውን ሠሩ። ሁለቱም ጉልበታቸው ሲያልቅ ያወቁትን ለተከታዩ መለሱ። እንግዲህ የአጥቂ ዘመን ሦስት ክፍል አለው ማለት ነው፤ መቀበል፥ መጫወትና መመለስ። ጋዜጣ የሚጽፈው መካከለኛውን ብቻ ነው።

ዘመኑ መለወጡንም መካድ አይገባም። ዛሬ በአገራችን ክለቦች ተጫዋች በውልና በደመወዝ ይጫወታል፤ ልጆቻችንም በባዕድ አገር ተቀጥረው ተጫውተዋል። ፍቅሩ ተፈራ በጥቅምት 2014 ለኮልካታው ክለብ ተሰልፎ የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲመሠረት የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ያገባ ኢትዮጵያዊ አጥቂ ነው። ስለዚህ «አይሆንም» የሚለው መልስ ዛሬ እውነት አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ዕድል የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸውና «አዎን» የሚለውም ብቻውን እውነት አይሆንም።

እኔ በበኩሌ ለተማሪው የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ «ልጄ፥ ኳስ ለጥቂቶች እንጀራ ትሆናለች፤ ለሁሉም ግን ትምህርት ትሆናለች። ደብተርህን ሳትጥል ተጫወት፤ ዴንግም ባሕር የተሻገረው በትምህርት ቤት በር ነው። ባይሆንልህ እንኳ፥ የተቀበልኸውን ለታናሽህ የምታስተምር ሰው ትሆናለህ፤ ያለዚያ ሰው መንግሥቱም ዴንግም አይገኙም።»

ለእናንተ ለባልደረቦቼ ደግሞ የምለው አለኝ። በቦረና፥ በለጋምቦ፥ በወግዲና በሳይንት ትምህርት ቤቶች ሜዳ ላይ በድንጋይ ምልክት ተደርጎ የተሰመረ ጎል፥ በእንጨት ላይ የተቸነከረ የቅርጫት ቀለበት ሲያጋጥመን እንደ ጉድለት ብቻ አንየው። ኔይስሚዝም የጀመረው በኮክ ቅርጫት ነበር። ጉድለት የሚሆነው ቀለበቱ ሥር ሕጉን የሚያስተምር፥ ሰዓቱን የሚያከብርና የልጁን ስም በመዝገብ ይዞ እድገቱን የሚከታተል መምህር ሳይኖር ሲቀር ነው። የሚቀጥለው አጥቂ ከየት እንደሚነሣ አናውቅም፤ የመጀመሪያዋን ኳስ የሚያቀብለው ግን ከእኛ አንዱ እንደሚሆን እናውቃለን።